ስለ ቺችማኒ መንደር፦ ቤቱን ጥልፍ ያለበሱት ሴቶች

በፎቶ ያየኸው ግድግዳው ነጭ ጥልፍ የመሰለ የስሎቫክ መንደር የት እንደሆነና ሥዕሉ ለምን እንደተሣለ ጠይቀሃል። ቺችማኒ ይባላል። በሰሜን ምዕራብ ስሎቫኪያ፣ ከዢሊና ከተማ በስተደቡብ፣ በስትራዦቭ ተራሮች መሃል ያለ ሸለቆ ውስጥ ነው። ራይቻንካ የሚባለው ወንዝ በመንደሩ ያልፋል። ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1272 ነው። አገሩ ብርድ ነው፣ መሬቱም ለእርሻ ብዙም አይመች፤ ስለዚህ ሰዉ በግ ያረባ ነበር።

አሁን ወደ ሥዕሉ። ቤቶቹ ከግንድ የተሠሩ ናቸው። መጀመሪያ ኖራ የቀቡት ለውበት አልነበረም፤ እንጨቱ በፀሐይና በዝናብ እንዳይጎዳ ነው። የሚቀቡት ሴቶቹ ነበሩ። ቀስ በቀስ ግን በልብሳቸው ላይ የሚጠልፉትን ቅርጽ ግድግዳው ላይ አወጡት። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ የጓዳ ጥበብ አደባባይ ወጣ!

እ.ኤ.አ. በ1921 ከባድ እሳት ተነስቶ ብዙ ቤት በላ። ደግነቱ በመንግሥት ድጋፍ በድሮው መልክ መልሰው ሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ሆነ። ከሄድክ ራዴኖቭ ዶም የተባለውን ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት እንዳታልፈው፣ ዛሬ ሙዚየም ነው። ልብሱንና ጥልፉን እዚያው ታገኘዋለህ።