ኤሲና ሂተር ከመግዛትሽ በፊት መስታወቱንና ጣራውን እዪ

እህቴ፣ ካዛንቺስ የተከራየሽው ቢሮ ከሰዓት በኋላ በሙቀት አያስቀምጥም ብለሻል። አራት ኪሎ ያለው የኮንዶሚኒየም ቤትሽ ደግሞ መጨረሻ ፎቅ ላይ ስለሆነ ማታ ይበርዳል። ለቢሮው ኤሲ፣ ለቤቱ ሂተር ልግዛ ወይ ነው ጥያቄሽ። እኔ የሕንፃ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። መልሴ አሁን አትግዢ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሰማዩ ጥርት ሲል ቀን ፀሐይ ታቃጥላለች፣ ማታ ደግሞ ሙቀቱ ቶሎ ይሄዳል። ጥላ ውስጥ ያለው አየር ግን በሞቃቱ መጋቢት እንኳ አብዛኛውን ቀን 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቢሮሽ ውስጥ 30 የሚደርሰው ውጭው ስለሞቀ አይደለም። ፀሐይ በመስታወቱ ስለምትገባ ነው። ብርሃኑ ገብቶ ወለሉንና ጠረጴዛውን ያሞቃል፣ ሙቀቱ ግን በመስታወቱ ተመልሶ መውጣት ያቅተዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና የሚሆነውን ታውቂያለሽ።

መስታወቱ ወደ ምዕራብ ነው ብለሻል። ከባዱ እሱ ነው። በደቡብ በኩል ቢሆን ኖሮ በበጋ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከፍ ስለምትል ከላይ የወጣች አጭር በረንዳ ብቻ ብዙ ትረዳ ነበር። በምዕራብ በኩል ግን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ነው የምትመጣው። የላይ ጥላ አያግዳትም።

መጋረጃ አድርጌ ለውጥ የለም ያልሽው ለዚህ ነው። መጋረጃው ፀሐይዋን የሚይዛት መስታወቱን ካለፈች በኋላ ነው፤ ያኔ ሙቀቱ ክፍሉ ውስጥ ነው ያለው። ጥላው ከመስታወቱ ውጭ መሆን አለበት። በፍሬም የተወጠረ ሸራም ሆነ ቁልቁል የቆመ የላሜራ ወይም የእንጨት መከለያ ይሆናል። ፎቅ ላይ ስለሆነ ንፋስ እንዳይነቅለው በደንብ ይታሰር። አከራይሽ የሕንፃው ፊት ይበላሻል ካለ ሁለተኛው ምርጫ መስታወቱ ላይ የሚለጠፍ ስቲከር ነው። እሱንም አንጸባራቂውን ምረጪ። ጥቁሩ ሙቀቱን ራሱ ስለሚይዝ መስታወቱ ግሎ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጠዋት ስትገቢ በሁለት በኩል መስኮት ክፈቺና የሌሊቱ ቀዝቃዛ አየር ይለፍበት። ከሰዓት ፀሐይዋ ስትዞር የምዕራቡን ዝጊ። ከዚያ በኋላ አንድ ቬንትሌተር ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ኤሲ የግድ ከሆነም ጥላው ከተሠራ በኋላ ትንሹ ይበቃሻል።

ወደ ቤትሽ ልምጣ። ኮርኒሱ ላይ ቢጫ እድፍ አለ፣ ጣራው ያፈሳል መሰለኝ ብለሻል። ዝናብ በሌለበት በኅዳርና በታኅሣሥ የሚመጣ ከሆነ ማፍሰስ ላይሆን ይችላል። ሰማይ በጠራ ሌሊት ቆርቆሮ ከአየሩም በታች ይቀዘቅዛል። ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ የሚወጣው እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮው ሥር ውኃ ይሆንና ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል። ሰዎች በዚህ ምክንያት ደህና ቆርቆሮ ሲያስቀይሩ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል። የሚያስፈልገው እንፋሎቱን በመስኮት ማስወጣትና ኮርኒሱ ላይ ሙቀት የሚከላከል ነገር ማንጠፍ ነው። የመስታወት ጥጥ ጥሩ ነው፣ ሠራተኛው ግን ጓንትና ማስክ ያድርግ። ነጩ ፎም ይረክሳል፤ እሳት ግን ቶሎ ይይዘዋል፣ ስለዚህ የመብራት ሽቦና አምፖል አጠገብ አይሁን። ስታበስዪ የወጥ ቤቱን መስኮት ክፈቺ። የኮርኒሱ ሥራ ማታ ብርዱን፣ ቀን ደግሞ ከቆርቆሮው የሚወርደውን ሙቀት ይቀንሳል። የጥንቱ ወፍራም የጭቃ ቤት ቀን ቀዝቀዝ፣ ማታ ሞቅ የሚለው ግድግዳው ሙቀቱን ይዞ ስለሚያቆይ ነው፤ ስስ ብሎኬትና ቆርቆሮ ያን አያደርጉም።

ከዚያ ክፍተቶቹን ፈልጊ። ማታ እጅሽን በብረት መስኮቱ ዙሪያና በበሩ ሥር አድርጊ፣ ንፋሱ ይሰማሻል። የመስኮቱን ዙሪያ በሲሊኮን፣ የበሩን ሥር በጎማ ዝጊ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሂተር ካስፈለገሽ የተቀመጥሽበትን ክፍል ብቻ አሙቂ። 2,000 ዋት ሂተር አራት ሰዓት ከሠራ 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ቆጣሪሽ ላይ ይታያል። በፍጹም ዲቫይደር ላይ አትሰኪው። ወደ 9 አምፔር ስለሚስብ ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ይቃጠላል።

ጥያቄሽ ሥር አንድ አስተያየት ሰጪ ከሰል አቀጣጥለሽ አስገቢ፣ ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም ብሎሻል። ይህን እለምንሻለሁ፣ አትስሚው። ጭሱ ያለቀ፣ ፍም የሆነ ከሰልም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ክፍተቱን ሁሉ በዘጋሽበት ቤት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከጀመረ ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣና ሐኪም ቤት ይሂድ። ልጆች ካሉሽ ማንደጃውን ለቡና እንኳ ስታስገቢ በርና መስኮት ክፍት ይሁን።

በጀትሽ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ከኮርኒሱ ጀምሪ፣ እንቅልፍሽ ይቀድማል። የቢሮውን መስታወት ቁመትና ወርድ ለክተሽ ከፎቶ ጋር ላኪልኝና ሸራ ወይስ ላሜራ እንደሚሻል እነግርሻለሁ።