ካቶድህ ጋዝ ርቦታል

ከ4 ኪሎ አንድ ተማሪ ጽፎልኛል። ለሳተላይት ኤሌክትሪክ ሞተር ኤሌክትሮን የሚያፈልቅ ሆሎው ካቶድ (አርጎን ጋዝ የሚያልፍበት ክፍት ቱቦ) ሰርቶ ቫኪዩም ታንክ ውስጥ እየሞከረ ነው። በ10 አምፔር ረግቶ ይሰራ ነበር። አሁን ቮልቴጁ ከ25 ወደ 45 እየዘለለ ይመለሳል። አፉ ላይ ነጥብ የነበረው ብርሃንም እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል። ቀድሞ ያየው ባለሙያ ፓወር ሰፕላዩን ቀይሮ፣ ካቶዱ ስር ያለውን የጋዝ መገጣጠሚያ በቴፍሎን ጠቅልሎለት ሄዷል።

ወንድሜ፣ ፓወር ሰፕላዩን ተወው። እኔ የጠረጠርኩት ቴፍሎኑን ነው። ከ260 ዲግሪ በላይ አይችልም፤ ይለቅና ያፈሳል። የጋዙን ፍሰት የሚለካው ፍሎው ሜትር ልክ ያነባል፣ አርጎኑ ግን ካቶዱ ሳይደርስ ታንኩ ውስጥ ይበተናል። የታንኩ ግፊትም አይለወጥም፤ ጋዙ ያው እዚያው ነዋ! ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ጋዝ ሲያንስ ለምን ይንቀጠቀጣል? የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳን አስብ። ሕዝቡ ቆሟል፣ ልጆች በመሃል ይሽሎከለካሉ። ቀስ ካሉ ማንም አይነቃነቅም። ከሮጡ ግን ሕዝቡ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜው ተመልሶ ልጆቹን ራሳቸውን ያላጋቸዋል። ልጆቹ ኤሌክትሮኖች ናቸው። ሕዝቡ የአርጎን አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ያጣ አቶም ነው፤ ከኤሌክትሮን ከ70 ሺህ እጥፍ በላይ ይከብዳል። ኤሌክትሮኖቹ ከአዮኖቹ ሞገድ ሲፈጥኑ ሞገዱ ከጉልበታቸው እየወሰደ ያድጋል፣ መንገድ ይዘጋባቸዋል። ያንኑ 10 አምፔር ለማሳለፍ ቮልቴጁ ይወጣል። ጋዝ በቂ ሲሆን አዮኖቹ ከጋዙ ጋር ይጋጩና ሞገዱ ይበርዳል። በፈረንጆቹ 2014 የናሳው ጄፒኤል ተመራማሪዎች በ100 አምፔር ካቶድ ላይ ይህንኑ ሞገድ ለክተዋል።

ፍሎውን በግማሽ ጨምረህ እየው። ከረጋ ግምቴ ልክ ነው፤ አጥፋው።

ሳትነካው በፊት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ካፓሲተር በሬዚስተር ወደ ግራውንድ አፍስስ። የኪፐሩ (ከካቶዱ አፍ ፊት ያለው ባለ ቀዳዳ ኤሌክትሮድ) ማቀጣጠያ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል። መብራት ሄደ ማለት ካፓሲተሩ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም።

ካቶዱ ሳይቀዘቅዝ አየር አታስገባ፤ ኦክስጅን ኤሌክትሮን አፍላቂውን ያበላሸዋል። ከዚያ ቱቦውን አውጥተህ አፉን ድፈን፣ በትንሽ ግፊት አርጎን ሙላ፣ መገጣጠሚያውን አልኮል ውስጥ ንከር። አረፋ ካየህ አገኘኸው። ቴፍሎኑን ፍቀህ ጣልና ስቴንለስ ግጠም። ርካሹን የናስ እንዳትገዛ፤ ሲሞቅ ዚንኩ ይተናል። ፒያሳ ወርክሾፔ ድረስ ግድግዳው ዚንክ የለበሰ ታንክ መጥቶልኝ ሁለት ቀን ፍቄያለሁ።

ኪፐሩንም እይ። የናሳ መንኮራኩር የዲፕ ስፔስ 1 ተጠባባቂ ሞተር ምድር ላይ 30,352 ሰዓት ሲሰራ የኪፐሩ ፊት ተበልቶ አልቋል። በንቅጥቃጤ ጊዜ ደግሞ አዮኖቹ ጉልበት ያገኛሉ፣ መብላቱ ይፈጥናል። ቀዳዳውን በካሊፐር ለካ፤ ከሰፋ ቀይረው። እጅህን ከመስደድህ በፊት ግን፣ እደግመዋለሁ፣ ካፓሲተሩን።