«ደግ ነበረች» ብቻ እንዳይቀር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናታችን ካረፈች ሦስት ሳምንት ሆናት። ለአርባዋ ከጎጃምም ከናዝሬትም ዘመድ ይመጣል። ስለ እሷ የሚያውቁትን ሲያወሩ ልቀዳ አስቤአለሁ። በለቅሶው ሰሞን ሞክሬ ነበር፤ ሁሉም «ደግ ነበረች፣ ሰው ወዳድ ነበረች» ብለው ዝም አሉ። ምን ብዬ ብጠይቃቸው ነው የሚያወሩልኝ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ነፍስ ይማር፤ እግዜር ያጥናችሁ። ዘመዶችዎ የሚያውቁትን ደብቀው አይደለም። «ስለ እሷ ንገሩኝ» ሲሉት ሰው ምስክርነት የተጠየቀ ይመስለዋል፤ የለቅሶ ቤት ምስክርነት ደግሞ ለማንም ሟች ያው ነው። በዕቃ፣ በቦታና በሰዓት ይጠይቁ። «ከሥራ ስትገባ መጀመሪያ ምን ታደርግ ነበር?» «እቁቡ ሲደርሳት ምን ገዛችበት?» «ከማን ጋር ተኳርፋ ታውቃለች? ማንስ አስታረቃቸው?» የመጨረሻዋን ጥያቄ አይፍሯት። ሰው የሟችን አነጋገር ቃል በቃል የሚያስታውሰው ከምርቃት ይልቅ በኩርፊያ ነው።

ከጥያቄም የሚበልጥ አንድ ዘዴ አለ። ከቤቷ ሁለት ሦስት ዕቃ ያውጡ፤ እጀታው የተቃጠለ ማማሰያ፣ የእድር ደብተር፣ የቆመ የእጅ ሰዓት፣ የተገኘውን። ምንም ሳይናገሩ ሰው መሀል ያስቀምጡት። አንዷ አክስት ማማሰያውን አንስታ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ስትዳስስ «ይቺማ የዚያን ቀን…» ማለቷ አይቀርም። ያኔ ማንም አያቋርጣት፤ እርስዎም ጭምር።

የአርባው ዕለት ጠዋት አይመችም። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ገና ሊስተናገድ ነው፤ እርስዎም ወዲያ ወዲህ ማለትዎ አይቀርም። ደህናው ወሬ ያለው ዋዜማው ማታ ሽንኩርት ሲከተፍ ነው፤ ግን ኳኳታው ስለማያስቀዳ በማስታወሻ ብቻ ይያዙት። ለመቅዳት ከግብሩ በኋላ የቀረቡት ሰዎች ለቡና ሲቀመጡ ይጠብቁ። አቦል ላይ ሁሉም ስለ መንገዱና ስለ ኑሮ ውድነቱ ነው የሚያወራው። ቶና ላይ ይሞቃል፤ በረካ ላይ ሰው ነጠላውን መሰብሰብ ይጀምራል። ስለዚህ አቦል ሲያልቅ ይጀምሩ።

ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት፤ አለዚያ አንድ ጥሪ መሀል ላይ ይቆርጠዋል። ረከቦቱ ላይም ጠረጴዛው ላይም አያስቀምጡት፤ የሲኒው ድምፅ በእንጨቱ በኩል ገብቶ ቃሉን ይውጠዋል። የታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ከተናጋሪው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ያኑሩት። ዋና መንገድ ዳር ከሆናችሁ መስኮቱን ይዝጉ፤ የታክሲ ረዳት ጩኸት ከአክስትዎ ድምፅ በልጦ ይቀዳል። እየቀዱ መሆኑን ግን ለሰው ይናገሩ። ተደብቆ የተቀዳ ወሬ ኋላ ቤተሰብ ያጣላል። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተቀመጡትን ሰዎች ስምና ዝምድና በራስዎ ድምፅ ይበሉ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚሰማው ልጅ «እትዬ» የተባለችው ማን እንደሆነች በምን ያውቃል? በየ30 ደቂቃው ቆርጠው አዲስ ፋይል ይክፈቱ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ይቀዳና ማንም መልሶ አይሰማውም። በዚያው ሳምንት አንድ ጊዜ እየሰሙ ደቂቃውን ይመዝግቡ፦ «12ኛው ደቂቃ፣ የሰባራው ጀበና ነገር፤ ተናጋሪ ታናሽ እህቷ።» ከዚያ አንዱን ታሪክ በአንድ ገጽ፣ በተናጋሪው አፍ ይጻፉት። «እናቴ ትሙት!» ብላ ከሆነ እንዳለ ይጻፉት፤ አያሳምሩት። በቀብሩ ወይም በለቅሶው ሙሾ ያወረደች ሴት ካለችም ሳትረሳው ግጥሙን ያስደግሟት። የአባት አገር፣ የወንድም ስም፣ የሞተ ልጅ፣ ሌላው የዘለለው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ አንዱ አጎቴ «አባትህ አዲስ አበባ የገባው አብዮት ሲፈነዳ ነው» ይላሉ። ሌላው ደግሞ «ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ነው» ይላሉ። የማንን ልጻፍ? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ የሁለቱንም፣ ከነስማቸው። አማካይ ፈልገው አንድ እንዳያደርጓቸው። ምናልባትም ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ አብዮቱ የፈነዳው በየካቲት 1966 ነው፣ ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967። መሀሉ ሰባት ወር አይሞላም፤ የዓመቱ ቁጥር ግን ይለያያል።

ሽማግሌን ዓመተ ምሕረት አይጠይቁ፤ ሁነት ይጥሩላቸው። ጣልያን የወጣበት 1933፣ የታኅሣሡ ግርግር 1953፣ የብር ለውጡ 1969፣ ድርቁ 1977፣ ኢሕአዴግ የገባበት ግንቦት 1983። «ከዚህ በፊት ነው በኋላ?» ይበሏቸው። ለሴቶች ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚሻለው «ያኔ ማንን አዝለሽ ነበር?» የሚለው ነው፤ በልጅ ዕድሜ የተቆጠረ ቀን ብዙ አይስትም። የውጭ አገር ወረቀት ካገኙ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ልዩነት መሆኑን አይርሱ። ኅዳር 1960 በፈረንጆቹ 1967 ነው፤ የካቲት 1960 ግን 1968።

ጥያቄ፦ ወንድማችን በደርግ ጊዜ ከውጭ የላከው የካሴት ደብዳቤ አለን። እሱ አሁን በሕይወት የለም። ለማጫወት ፈራሁ። (ከፒያሳ)

መልስ፦ መፍራትዎ ደግ ነው። መጀመሪያ ካሴቱን በብርሃን ያዩት። ክሩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ካለ ሻጋታ ነውና አያጫውቱት፤ ከካሴት መገልበጥ ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት። በክሩ መግቢያ መሀል ያለችው ትንሽ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነ ድምፁ ታፍኖ ይወጣል፤ የክሩን ጥቅል ወደ ሌላ ጤነኛ ካሴት ቤት ማዛወር ይቻላል። በላይኛው ጠርዝ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ፤ ማንም ተሳስቶ በላዩ ላይ እንዳይቀዳ።

የማጫወቻ ቴፑን፣ ክሩ የሚነካውን ብረት፣ በጥጥና በአልኮል ጠርገው ያድርቁት፤ ከዚያ በማይፈልጉት የዘፈን ካሴት ይሞክሩት። ክር የሚበላ ከሆነ ያንን ይብላ። 120 የተጻፈበት ካሴት ክሩ ስስ ስለሆነ በተለይ ይጠንቀቁለት። ወዲያና ወዲህ አንድ አንድ ጊዜ አጠንጥነው ያላሉት። ስልክ ከስፒከር ፊት ደቅኖ መቅዳት የክፍሉን ድምፅ ይጨምራል፤ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በገመድ ያገናኙ። ድምፁን መካከለኛ ላይ ያድርጉት፤ ጮኾ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። 60 የሚል ካሴት በአንድ ገጽ 30 ደቂቃ ነው፤ በዌቭ (ድምፁን ሳያምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ሲቀመጥ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ፣ ሁለቱም ገጽ 600 ያህል ይሆናል። በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት። ሳሉን፣ ከኋላ የሚሰማውን ሬዲዮ አይቁረጡ። እሱ የኖረበት ክፍል እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ያደግንበት ቤት በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ሄደ። ልጆቼን ወስጄ ላሳያቸው አልችልም። (ከቦሌ)

መልስ፦ ቤቱ ባይኖርም አራዳ ጊዮርጊስ አለ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃም አለ። ከማይንቀሳቀስ ነገር ተነስተው ካርታውን በእጅ ይሳሉት። ብቻዎን ግን አይሳሉ። ሦስት የጥንት ጎረቤቶች ለየብቻ ይሳሉ፤ ቧንቧው የት ነበር፣ ዳቦ ቤቱ በስተየት፣ ውሻው የማን ነበር እያሉ። የማይገጥመው ቦታ ላይ ክርክር ይነሳል፤ ወሬውም ከዚያው ይወጣል። ጎረቤቶቹ በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተኑ የእድሩን መዝገብ ይጠይቁ፤ ስልካቸው እዚያ ሳይኖር አይቀርም።

ጥያቄ፦ አባታችን ከእናታችን በፊት የወለዱት ልጅ እንዳለ የሰማሁት ከሞቱ በኋላ ነው። በቤተሰቡ ደብተር ይጻፍ? (ስሜ ይቆየኝ)

መልስ፦ እናትዎ በሕይወት ካሉ መጀመሪያ እሳቸውን ይጠይቁ፤ የመወሰኑ ተራ የእሳቸው ነው። እምቢ ካሉ በተለየ ወረቀት ይጻፉት፣ ከማን እንደሰሙትም ጭምር። ፖስታውን ያሽጉና ማን፣ መቼ እንደሚከፍተው በላዩ ላይ ያስፍሩ። ፖስታው የት እንዳለ ከእርስዎ ሌላ አንድ ሰው ይወቅ።