የሚጥል በሽታ በለሃጯ አይተላለፍም፤ ክብሪቱንም ከአፍንጫዋ ያርቁት

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። በዓለም ላይ ይህ ያለበት ሰው ስንት ነው? መነሻውስ ምንድን ነው? ታናሽ ወንድሟ ከእሷ ጋር ከአንድ ገበታ ይበላል። ሲጥላት ክብሪት እናሸታታለን። ጸበል ስንገባ ክኒኑን 2 ሳምንት አቁማ ነበር፤ ባሰባት። (ከደብረ ሲና አካባቢ)

መልስ፦ እናቴ፣ ወንድሟ አብሯት ይብላ፣ አብሯት ይተኛ። በለሃጭም ሆነ በአረፋ፣ በትንፋሽም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው አለበት፤ ከ100 ወደ 80 የሚጠጉት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ። ከግማሽ ገደማው ላይ መነሻው አይታወቅም። በሌሎቹ ላይ ሲወለዱ መታፈን፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ማጅራት ገትር፣ ቆላ ላይ ደግሞ አንጎል የገባ ወባ ይገኛል። በዘር የሚመጣም አለ፤ ቢሆንም እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም።

አሁን ወደ ክብሪቱ። ሲጥላት መንፈራገጡ ብዙ ጊዜ በ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል፤ ክብሪቱ የተጫረው ሊያበቃ ሲል ስለሆነ ያዳናት ይመስላል። ጭሱ መተንፈሷን ያውካል፣ እሳቱም ፊቷን ያቃጥላል። ይልቁንስ ሰዓት ይመልከቱ። በተለይ በጣርማ በር ብርድ ሁሉም ምድጃ ዙሪያ ስለሚሰበሰብ ከእሳቱ ያርቋት። ከጭንቅላቷ ሥር ጋቢ አጥፈው ያድርጉ፣ አንገቷ ላይ የጠበቀ ነገር ይፍቱ። መንፈራገጡ ሲበርድ ለሃጩ እንዲወርድ በጎኗ ያስተኟት። አፏ ውስጥ ማንኪያ፣ ጣት፣ ውሃ አይግባ፤ እጅና እግሯንም አይያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ከጣላት ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው፤ መጠበቅ የለም።

ክኒኑን ማቋረጥዎ ግን አሳዝኖኛል። ፌኖባርቢታልን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ሲቆም በሽታው በተደጋጋሚ እየተደራረበ ይጥላል፤ ይህ ይገድላል። ያመለጠውን በአንድ ቀን እጥፍ አድርገው አይስጧት፣ የጎረቤት ክኒንም አይቀላቅሉ። ጸበሉን ትጠመቅ፤ ክኒኑ አብሯት ይሂድ፣ ማታ ማታ በሰዓቱ ትዋጠው። በትክክል ከወሰዱት ከ10 ሰዎች እስከ 7ቱን በሽታው አይጥላቸውም። ቢያንስ 2 ዓመት ሳይጥላት ከቆየች በኋላ ሐኪም ቀስ በቀስ ሊቀንስላት ይችላል፤ እርስዎ አይቀንሱ።

ሳምንቱ ሳያልቅ የክኒኑን ማሸጊያና የጣላትን ቀናት የጻፉበትን ወረቀት ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አሁን የምትወስደው ስንት እንደሆነና 2ቱን ሳምንት ማቋረጧን ሳይደብቁ ይንገሯቸው።