ያለፈ ውጤት የሚመጣውን የኮሌጅ ፉትቦል ጨዋታ ይተነብያል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የአሜሪካን የኮሌጅ ፉትቦል (ሞላላ ኳስ በእጅ እየያዙና እየወረወሩ የሚጫወቱትን የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር) ከሚከታተሉ አንባቢዎች የቀረቡ ናቸው፤ ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ቡድን ሌላውን ለብዙ ዓመታት ሲያሸንፍ ከኖረ፣ ዘንድሮም ያሸንፋል ማለት ስሕተት ነው?

መልስ፦ ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሠምራል፤ የሚሠምረው ግን ጠንካራው ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የተሻሉ ወጣቶችን ስለሚመለምል እንጂ ያለፈው ድል በራሱ ኃይል ስላለው አይደለም። አላባማ ከ1984 ወዲህ በቫንደርቢልት ተሸንፎ አያውቅም ነበር፤ በኦክቶበር 2024 ግን የአገሪቱ አንደኛ ሆኖ ሳለ 40 ለ 35 ተረታ። አሰልጣኙ ኬለን ዲቦር በአላባማ የመጀመሪያ ዓመታቸው ላይ ነበሩ፤ ቫንደርቢልትን የመራው ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረውና ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ዲዬጎ ፓቪያም ከኒው ሜክሲኮ ስቴት የተዛወረው በዚያው ዓመት ነው። የ40 ዓመቱ ታሪክ ስለ ሁለቱም የሚናገረው ነገር አልነበረውም።

ጥያቄ፦ የባለፈው ዓመት ውጤትስ?

መልስ፦ ይጠቅማል፤ ሆኖም ተጫዋቾች ሲዛወሩ አንድ ዓመት ከጨዋታ ውጭ እንዲቆዩ ያስገድድ የነበረው ደንብ በ2021 ከላላ ወዲህ ዋጋው ቀንሷል። ፍሎሪዳ ስቴት በ2023 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የኮንፈረንሱን (የሚወዳደርበትን የዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ) ዋንጫ አንሥቶ በቀጣዩ ዓመት 10 ጊዜ ተሸንፎ 2 ጊዜ ብቻ አሸነፈ። በ2023 ሦስት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ኢንዲያና ደግሞ፣ አዲሱ አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ በርካታ ተጫዋቾቻቸውን አስከትለው ሲመጡ፣ በ2024 ዓ.ም. 11 ድል አስመዘገበ። ስለዚህ ከውጤቱ አስቀድሞ ኳርተርባኩና የአጥቂው መስመር ተመልሰዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ጥያቄ፦ በጠባብ ልዩነት ደጋግሞ የሚሸነፍ ቡድን በቀጣዩ ዓመት ይሻሻላል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው አዎን፤ ከእጅ ያመለጠን ኳስ ማን ቀድሞ እንደሚያነሣው የሚወስነው ከችሎታ ይልቅ ዕድል ነውና። ነገር ግን ነብራስካን ተመልከቱ። በ2021 ዘጠኙንም ሽንፈቶቹን የተቀበለው ከ10 ባነሰ የነጥብ ልዩነት ነበር፤ እንዲያውም በዓመቱ ካስተናገደው ነጥብ ያስቆጠረው ይበልጥ ነበር። በ2022 ግን 4 ብቻ አሸነፈ። ጥቃቅን ስሕተቶች፣ በተለይም በኳስ ርግጫው ክፍል የታዩት፣ ሲደጋገሙ ዕድል መባላቸው ይቀራል።

ጥያቄ፦ አንድ ቡድን ካለፉት 10 ጨዋታዎች በ8ቱ የውርርድ ቤቶች ከገመቱለት የነጥብ ልዩነት የተሻለ ውጤት ካመጣ፣ ይህን አዝማሚያ ማመን አይቻልም?

መልስ፦ አይቻልም፤ በዚህ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነውና። ግምቱ የሚወጣው ሁለቱም ወገኖች እኩል ዕድል እንዲኖራቸው ተደርጎ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ሳንቲም መጣል ቁጠሩት። ሳንቲም 10 ጊዜ ሲጣል 8 ወይም ከዚያ በላይ አስቀድሞ በተመረጠ አንድ ፊት የመውደቅ ዕድሉ 5.5 በመቶ ገደማ ነው። በ2024 ከፍተኛው ምድብ 134 ቡድኖች ነበሩት፤ ስለዚህ ምንም የተለየ ብቃት ባይኖር እንኳ በአጋጣሚ ብቻ 7 ያህሉ እንዲህ ያለ «አዝማሚያ» ያሳያሉ ማለት ነው። 100 ዶላር ለማትረፍ 110 ዶላር የሚያስይዝ ሰው ደግሞ ሳይከስር ለመውጣት ብቻ ከ100 ጨዋታዎች ከ52 በላይ በትክክል መገመት አለበት።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦሃዮ ስቴት ይማራል። በዚያው ዓመት የተገናኙ ሁለት ቡድኖች እንደገና ቢገጥሙ የመጀመሪያው ውጤት ይደገማል?

መልስ፦ የልጅዎ ቡድን ራሱ ተቃራኒውን አሳይቷል። በ2024 በኦሪጎን 32 ለ 31፣ በገዛ ሜዳውም በዚያ ዓመት ደካማ በነበረው ሚሺጋን 13 ለ 10 ከተሸነፈ በኋላ፣ በጥሎ ማለፉ ኦሪጎንን 41 ለ 21 አሸንፎ የአገሪቱን ሻምፒዮና ወስዷል። ከሁለቱ ሽንፈቶች ይልቅ ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ በእያንዳንዱ የጨዋታ ሙከራ (ኳሱን ወደፊት ለማራመድ በሚደረግ አንድ እንቅስቃሴ) ተጋጣሚዎቹን ምን ያህል ይበልጥ እንደነበር የመዘነ ተከታታይ፣ ከሚሺጋኑ ሽንፈት በኋላም ኦሃዮ ስቴትን ከዋንጫው ተፎካካሪዎች ዝርዝር አላወጣውም።