ትሬይሉን ማን ይጠግነዋል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፦ ማውንቴን ባይክ (የተራራ ብስክሌት) የሚነዳ ሰው ለሚነዳበት የጫካ መንገድ፣ ማለትም ለትሬይሉ፣ እና አብረውት ለሚነዱት ምን ሊያደርግ ይችላል? መልሶቹ እነሆ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዌክፊልድና ፋውንቴንሄድ የተባሉት ፓርኮች እየሄድኩ ማውንቴን ባይክ እነዳለሁ። መንገዱን የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች መሆናቸውን የሰማሁት በቅርቡ ነው። ማገዝ እፈልጋለሁ፤ ግን የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፣ ዶማ ይዤ አላውቅም። ምን ይጠበቅብኛል?

መልስ፦ ዶማ አለመያዝዎ አያሳስብዎት። ሥራውን የሚያከፋፍል የቡድን መሪ አለ፤ አዲስ ለመጣ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ቅጠል መጥረግና ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው። በአካባቢዎ ደቦውን የሚጠራው «ሞር» በሚል ምህጻር የሚታወቀው ማኅበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተ ሲሆን በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ፓርኮች ይሠራል። ቦታው ግን የማኅበሩ አይደለም። ዌክፊልድን የሚያስተዳድረው የፌርፋክስ ካውንቲ ፓርክ ባለሥልጣን፣ ፋውንቴንሄድን ደግሞ ኖቫ ፓርክስ የተባለው የሰሜን ቨርጂኒያ የፓርኮች ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ የት ምን እንደሚቆፈር የሚወሰነው ከባለቤቱ ጋር ተመካክሮ ነው። እርስዎም ከመጀመርዎ በፊት የኃላፊነት ቅጽ ይፈርማሉ።

ሥራው በአብዛኛው ከውሃ ጋር የሚደረግ ትግል ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው መንገዱን አቋርጦ ወደ ታች እንዲወርድ እንጂ መንገዱን ይዞ እንዳይሮጥ ይፈለጋል። ገበሬ በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣውም ለዚሁ ነው፤ ውሃው ጉልበት ሳያገኝ ቀስ ብሎ እንዲወጣ። አዲስ መንገድ ሲቀየስ የመንገዱ ዳገት ከተራራው ጎን ተዳፋት ከግማሽ መብለጥ የለበትም። ጎኑ 20 በመቶ ከሆነ መንገዱ ቢበዛ 10 በመቶ ይሆናል፤ በ100 ሜትር ርቀት 10 ሜትር ከፍታ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ውሃው መንገዱን ከመሻገር ይልቅ መንገዱን ተከትሎ መውረድ ይቀለዋል፤ ጥቂት ከባድ ዝናብ ቦይ ያደርገዋል።

የደቦ ቀን ሲባል ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥገና ነው፤ ከጥገናውም ዋነኛው ጠርዝ ማንሳት ነው። ጎማ የመንገዱን መሃል እየተጫነ ያጎደጉደዋል፤ የተገፋው አፈርና ቅጠል በቁልቁለቱ በኩል ባለው ጠርዝ ላይ ይከመራል። ያ ክምር የሁለት ጣት ያህል ከፍታ ብቻ ቢኖረው እንኳ ግድብ ነው፤ ውሃው መውጫ ስለሚያጣ በጎማ ፈለግ እየሮጠ አፈሩን ይወስደዋል።

የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉና የበሰበሰው ነገር እስከ ንጹሕ አፈሩ ድረስ ይጠረጋል። ቀጥሎ የጠርዙ ክምር ተቆርጦ ይነሳና ወደ ታች ራቅ ተደርጎ ይበተናል። ብዙ አዲስ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አፈሩን እዚያው ጠርዙ ሥር ይተወዋል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሶ ግድብ ይሆናል። ከዚያ የመንገዱ ገጽ ወደ ቁልቁለቱ በኩል 5 በመቶ ያህል እንዲያዘነብል ይስተካከላል። የመንገዱ ስፋት 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የውጪው ጠርዝ ከውስጠኛው 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ዓይን በዚህ ነገር አይታመንም፤ ከሃይላንድዎ ትንሽ ውሃ አፍስሰው የት እንደሚሄድ ማየት ይሻላል። መጨረሻ ላይ በመሣሪያው ጠፍጣፋ ጎን እየተደበደበ ይጠቀጠቃል። አፈሩ እርጥበት ሲኖረው ጥሩ ይያያዛል፤ ደረቅ ከሆነ አቧራ ሆኖ ይቀራል። የደቦ መሪዎች ከዝናብ በኋላ ያሉትን ቀናት የሚወዱት ለዚህ ነው።

መሣሪያ ይሰጥዎታል። ማክላውድ የሚባለው አንድ ጎኑ ወፋፍራም ጥርስ ያለው መቧጠጫ፣ ሌላው ጎኑ ሰፊ ስለት ነው። ፑላስኪ ደግሞ በአንድ በኩል መጥረቢያ፣ በሌላ በኩል ጠባብ ዶማ ሲሆን ለሥርና ለጠንካራ አፈር ነው። መሣሪያ በትከሻ አይያዝም። በእጅ ዝቅ ተደርጎ፣ በቁልቁለቱ ጎን ይያዛል፤ ቢያዳልጥዎት ወደዚያ ይጥሉታል። ከጎንዎ ካለው ሰው ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ። የሞተር መጋዝ የምስክር ወረቀት ለሌለው ሰው አይሰጥም፤ ዘመድ ቤት ያለውን ይዘው እንዳይመጡ።

ረጅም ሱሪ፣ ጠንካራ ጫማ፣ የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና 2 ሊትር ውሃ ያስፈልግዎታል። ለአገራችን ሰው እንግዳ የሚሆኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፖይዝን አይቪ ነው፤ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ተክል ሲሆን በብርዱ ወቅት ቅጠሉ ረግፎም ዛፍ ላይ እንደ ጸጉራም ገመድ ተጣብቆ ይቀራል። ዘይቱ ጓንትና የመሣሪያ እጀታ ላይ ስለሚቆይ ሲጨርሱ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ። ሁለተኛው መዥገር ነው። የሱሪዎን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ያስገቡ፤ ማታ ከጉልበትዎ ጀርባ፣ ወገብዎን፣ ብብትዎንና ከጆሮዎ ኋላ ይፈትሹ። የላይም በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፈው መዥገሯ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ ስትቆይ ስለሆነ በዚያው ቀን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ አይጠምዝዙ፣ በክብሪትም አያቃጥሏት።

ጥያቄ፦ ጀርመንታውን፣ ሜሪላንድ ሼፈር ፋርምስ ውስጥ አንድ ቦታ ሁልጊዜ ውሃ ያቁራል። ከጓደኞቼ ጋር ድንጋይና የወደቀ ግንድ ሞላንበት። በሌላ ሳምንት ስንመለስ ተነቅሎ አገኘነው። ለምን?

መልስ፦ የነቀሉት ሰዎች ደግ አደረጉ፤ ቅር አይበላችሁ። ድንጋይ ሲሞላ ውሃው አይወጣም፣ ከሥሩ ይቆያል። ግንድና ቅጠል ደግሞ በስብሶ እንደ ስፖንጅ እርጥበት ይይዛል። ብስክሌተኛው ድንጋዩን ሸሽቶ በጎን ያልፋል፤ የ60 ሳንቲ ሜትር መንገድ 3 ሜትር ጭቃ ይሆናል።

ትክክለኛው መፍትሔ ውሃውን ማስወጣት ነው። የጥገና ቡድን እዚያ ቦታ በቁልቁለቱ ጎን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው መውጫ ይቆርጣል። በመንገዱ ርዝመት 3 ሜትር ያህል ይሆናል፤ መሃሉ ዝቅ ብሎ 15 በመቶ ያህል ወደ ውጭ ያዘነብላል። ጠባብ ቦይ አይደለም። ጠባብ ቦይ በመጀመሪያው ዝናብ በቅጠል ይደፈናል፣ ጎማም ይይዛል። ቦታው ሜዳ ሆኖ ውሃው የሚሄድበት ከሌለ ደግሞ መንገዱን ከፍ ማድረግ ወይም ማዛወር ይመጣል፤ ያ የፓርኩ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ያለ ፈቃድ ማድረግ የምትችሉት በእጅ የሚነሳ ቅርንጫፍ ማንሳትና መንገድ ላይ የወደቀ ትልቅ ዛፍ ፎቶ አንስቶ ከቦታው መጠቆሚያ ጋር ለማኅበሩ መላክ ነው። ከዚህ በላይ የሚረዳው ደግሞ መንገዱ እርጥብ ሲሆን አለመንዳት ነው። ጎማችሁ ፈለግ ጥሎ ካለፈ ተመለሱ። ጥርና የካቲት ላይ በተለይ ተጠንቀቁ፦ ጠዋት በረዶ ሆኖ የጠነከረው አፈር ፀሐይ ስትወጣ ከላይ ይቀልጣል፣ ከሥር ግን ገና ስለሆነ ውሃው መስረጊያ ያጣል። አንድ ሰዓት የተነዳበት ጭቃ ሲደርቅ እስከ ፀደይ የሚቆይ ጉድጓድ ይሆናል። በዚያ ወቅት ከነዱ አይቀር ማልዶ ወጥቶ፣ ሳይቀልጥ መመለስ ነው።

ጥያቄ፦ የወገብ ሕመም አለብኝ፤ መቆፈር አልችልም። የሚሆን ሥራ አለ?

መልስ፦ ሞልቷል። ቅጽ ማስፈረም፣ መሣሪያ ቆጥሮ መስጠትና መቀበል (ሁሌም አንድ ይጎድላል)፣ ውሃና ምግብ ማድረስ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ ማንሳት። የአባልነት ክፍያዎም መሣሪያ ይገዛል።

ጥያቄ፦ ልጄ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ፌርፋክስ ውስጥ የተማሪዎች የማውንቴን ባይክ ቡድን ገብቷል። ወላጆች እንዲያግዙ ይጠይቃሉ። እኔ ብስክሌት መንዳት አልችልም፤ ሳልነዳ መርዳት ይቻላል?

መልስ፦ እናት ሆይ፣ ይቻላል። ቡድኑ «ኒካ» በሚባለው ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን በሚያቅፈው ብሔራዊ ማኅበር ሥር ከሆነ የአሠልጣኝነት ፈቃድ በሦስት ደረጃ ይሰጣል። የመጀመሪያው ደረጃ ብዙ አይጠይቅም፦ ምዝገባ፣ የወንጀል መዝገብ ማጣራት፣ ልጆችን ከጥቃት ስለመጠበቅና ስለ ጭንቅላት ጉዳት የሚሰጥ አጭር ትምህርት። ደረጃው ከፍ ሲል የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይጨመራል።

ልምምድ ከመጀመሩ በፊት የልጆቹን ብስክሌት መፈተሽ ሊለምዱ የሚችሉት ሥራ ነው። ጎማውን ይጫኑ፤ ካላማዳሪያ ላለው ጎማ 50 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ25 እስከ 30 ፒ.ኤስ.አይ. (በመንፊያው ላይ የሚነበበው የአየር ግፊት መለኪያ) ይበቃል። ፍሬኑን ይጨብጡ፤ እጀታው ማኑብሪዮውን ከነካ ልጁ አይወጣም። ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙረው ካቴናው ሳይዘል መዞሩን ይዩ። የሄልሜቱ ማሰሪያ አገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ ማስገባት አለበት።

በውድድር ቀን ደግሞ ማዕዘን ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ ያጥራል። እዚያ ከተመደቡ ሁለት ነገር ይያዙ። ልጅ ቢወድቅ ከኋላ የሚመጡትን ያስቁሙ ወይም ያዘግዩ፤ አንገቴን አመመኝ ካለ ወይም ግራ የተጋባ ከመሰለ አያንሱት፣ ሄልሜቱንም አያውልቁ፣ በሬዲዮ ጥሪ ያድርጉ። የልጅዎ ተራ ሲደርስ ቦታዎን ለቀው እንዳይሮጡ። ይህን ሁሉም እናት ትፈተንበታለች።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነን። እሁድ እሁድ እንጦጦ የምንነዳ ሰዎች ተሰባስበን መንገዱን መጠገን አሰብን። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከፈቃድ። በፓርኩ ክልል ውስጥ ያለውን መንገድ ያለ አስተዳደሩ ስምምነት አትንኩት። ደብዳቤያችሁ ላይ የቦታውን ፎቶ፣ የምትሠሩትን፣ የሰው ብዛትና ቀኑን ጻፉ። ከፓርኩ ውጭ ያለው የእግር መንገድም ባለቤት አለው፤ በየቀኑ የሚመላለሱበት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ እነሱን አነጋግሩ። እናንተ የምታስተካክሉት መዞሪያ እንጨት ለተሸከመች እናት እንቅፋት ሊሆን ይችላል።

ጊዜው ከመስቀል በኋላ ነው፤ መሬቱ ገና እርጥበት አለው፣ የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ የት እንደሮጠም ፈለጉ በግልጽ ይታያል። ሁለተኛ ዙር ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ የውሃ መውጫዎችን ለመጥረግ ያስፈልጋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ተነባብሮ ሲያድር መውጫ ይደፍናል፣ ጎማም ያንሸራትታል። ለ10 ሰው 4 ዶማ፣ 3 መቧጠጫ፣ 2 አካፋና 1 የእጅ መጋዝ ይበቃል። የወጣ ሥር አትቁረጡ፤ አፈሩን የያዘው እሱ ነው።

ስትነዱም ሆነ ስትሠሩ ጭነት የያዘች አህያ ከመጣች ከብስክሌት ወርዳችሁ በታችኛው ጎን ቁሙ። የደነገጠ እንስሳ ከሰው ርቆ ወደ ላይ ቢሸሽ ይሻላል፤ ወደ ታች ከሆነ ገደል ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አሮጌ ማውንቴን ባይኬን አገር ቤት ላለ ሰው መላክ እፈልጋለሁ። ያዋጣል?

መልስ፦ በብስክሌቱ ዓይነት ይወሰናል። ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ባለ ሽቦ ፍሬን፣ ባለ 7 ወይም 8 ማርሽ ከሆነ ይላኩ፤ መኪና ጎማ ዓይነት ቫልቭ ካለው ማንኛውም ጎሚስታ ይነፋዋል። ባለ 12 ማርሽ፣ የዘይት ፍሬንና ካላማዳሪያ የሌለው ጎማ ያለው ውድ ብስክሌት ግን ለተቀባዩ ሸክም ሊሆን ይችላል። ጎማው ውስጥ ያለው ማሸጊያ ፈሳሽ በጥቂት ወራት ይደርቃል። የፍሬኑ ዘይት ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ማዕድን ዘይት በሚጠቀም ፍሬን ውስጥ ዶት የተባለው ከተጨመረ ጎሚኒዎቹ ይበላሻሉ።

ከብስክሌቱ ጋር ሁለት ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ፣ አራት ጥንድ የፍሬን ጎማ፣ የፍሬንና የማርሽ ሽቦ፣ የማርሽ መቀየሪያው የሚታሰርበትን ትንሽ ብረትም ይጨምሩ። ይህ ብረት ለእያንዳንዱ ፍሬም የተለየ ስለሆነ ከተሰበረ ሌላ ማግኘት ከባድ ነው። ካቴናውን በማስመሪያ ይለኩት፦ 24 ፒን ወደፊት ሲቆጠር አዲስ ከሆነ 30.5 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 30.7 ከደረሰ አዲስ ይግጠሙ። የጉምሩክ ቀረጡን ከመላክዎ በፊት ያጣሩ።

ለተወሰነ ሰው መሆኑ ግድ ካልሆነ ደግሞ በእናንተው አካባቢ «ባይክስ ፎር ዘ ወርልድ» የሚባል ድርጅት ያገለገሉ ብስክሌቶችን ሰብስቦ በኮንቴይነር ወደ አፍሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ይልካል፤ የት እንደሚሄድ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በሁለቱም መንገድ ቦታ ለመቆጠብ ፔዳሎቹ ይፈታሉ፣ ማኑብሪዮው ይዞራል። ፔዳል በ15 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል፤ የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ግራ፣ የግራው ግን በተቃራኒው ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። በጉልበት ወደ ግራ የሚታገሉ ሰዎች ይበልጥ ያጠብቁታል፣ አልፎ አልፎም ጥርሱን ይበሉታል። የፈቷቸውን ፔዳሎች በፌስታል ቋጥረው ፍሬሙ ላይ ይሰሯቸው።