እህል እያለ ሰው ለምን ይራባል?

ስለ ረሃብ መንሥኤና መፍትሔ ከአንባቢያን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱን በዚህ እትም እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ዓለም ለሕዝቧ የሚበቃ ምግብ ታመርታለች ተብለን ተምረናል። እኔ ግን ያደግሁት ዝናብ በቀረ ቁጥር የመንደራችን ሰው ሲቸገር እያየሁ ነው። ምግቡ ካለ ሰው የሚራበው ለምንድን ነው? ምንስ ቢደረግ ይሻላል? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ የተማሩትም ያዩትም እውነት ነው። ዓለም በዓመት 2.8 ቢሊዮን ቶን ገደማ እህል ታመርታለች፤ ይህ ለ8 ቢሊዮን ሕዝብ ቢካፈል ጡት የሚጠባውን ሕፃን ጨምሮ ለእያንዳንዱ ሰው 3 ኩንታል ተኩል ያህል ይደርሰዋል። በአገራችን በእርዳታ ማከፋፈያ ጣቢያ ለአንድ ሰው በወር የሚሰፈረው እህል 15 ኪሎ፣ በዓመት ሲሰላ 180 ኪሎ መሆኑን ስናስብ የዓለም ምርት ከዚህ ስፍር ዕጥፍ ገደማ ነው ማለት ነው። እንዲያም ሆኖ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በጋራ ባወጡት ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 673 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተርቦ ኖሯል። ከእህሉ ሲሶ ያህሉ ለከብትና ለዶሮ መኖ ይውላል፤ ከበቆሎውም ከፊሉ ለመኪና ነዳጅ ይጠመቃል።

ይሁንና ለሌላው ጥቅም የዋለው እህል ቢተርፍ እንኳ በራሱ ወደ ተራበው ሰው ደጅ አይሄድም። ይህን በጥልቀት ካጠኑት መካከል እ.ኤ.አ. በ1998 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሕንዳዊው አማርትያ ሴን አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 በቤንጋል ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው የፈጀውን ረሃብ ከመረመሩ በኋላ ወደ እርስዎ አገር ወደ ወሎ ተመለከቱ። በ1965 ዓ.ም. የወሎ አዝመራ ክፉኛ ቢጎዳም የመላ ኢትዮጵያ ምርት የቀነሰው በጥቂቱ ነበር፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። አዝመራው የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም ስላጣ ገበያ ወጥቶ የሚገዛበት አልነበረውም። ገዢ የሌለበት ገበያ ደግሞ እህል አይስብምና፣ ሰው በመንገድ ዳር እየወደቀ ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይሄድ እንደነበር ተዘግቧል። የአፋር አርብቶ አደሮች ችግር ከዚህም የባሰ ነበር፤ በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት የአዋሽ ዳርቻ ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ተወስዶባቸው ስለነበር ድርቁ ሲመጣ መሸሻ አጡ፤ የተረፈችውን የከሳች ከብት ይዘው ገበያ ሲወጡም የምታስገኝላቸው እህል ከወትሮው እጅግ ያነሰ ሆነ።

ጥጋብም ረሃብን ሊጠራ እንደሚችል የ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ገበያ አሳይቶናል። ሁለት ዓመት በተከታታይ ዝናቡ ሰምሮ፣ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያም ተስፋፍቶ ስለነበር በቆሎው ተትረፈረፈ። ነገር ግን ትርፉን ገዝቶ የሚያከማች መጋዘን፣ ለነጋዴው የሚሆን ብድር፣ ወደ ጎደለበት አካባቢ የሚያደርስ መንገድ በበቂ ሁኔታ ስላልነበረ ዋጋው በ80 በመቶ ገደማ አሽቆለቆለ። ሽያጩ የጉልበትና የማጓጓዣ ወጪውን ስለማይመልስለት ሰብሉን ከነአገዳው ማሳ ላይ የተወ ገበሬ ነበር። ያ ገበሬ በቀጣዩ ዓመት ለዘርና ለማዳበሪያ ገንዘብ ከማውጣት ቢቆጠብ ማን ሊፈርድበት ይችላል? ድርቁ ተከትሎ መጣና በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የታሰበው ከዚህ ትምህርት ተወስዶ ነበር፤ በኋላ ግን በብዛት ያገበያየው ቡናና ሰሊጥ ስለሆነ የበቆሎውና የስንዴው ገበያ ችግር አሁንም እልባት አላገኘም።

ስለ መፍትሔ ሲነሳ ብዙዎቻችን ምርት ስለ መጨመር ብቻ እንናገራለን። ምርት መጨመሩ ያስፈልጋል፤ በእኔ አስተያየት ግን የገበሬውን አቅም በፍጥነት የሚያጠነክረው የተመረተውን እስከ ክረምት ማቆየት መቻሉ ነው። ገበሬው እህሉን የሚሸጠው በታኅሣሥና በጥር፣ ሁሉም በሚሸጥበትና ዋጋው በሚወድቅበት ጊዜ ነው። ግብር አለበት፣ ዕዳ አለበት፣ የሰርግ ወራት ነው። የቀረውን በጎተራ ቢያስቀምጠው ነቀዝ ይጠብቀዋል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ያንኑ በርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ዋጋ ይገዛል። ለነቀዙ ቀላል መድኃኒት አለ፤ በውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን ያለው፣ አየር የማያስገባ ባለሦስት ንብብር ከረጢት ነው። በደንብ የደረቀ እህል ተሞልቶ አፉ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥሮት ይሞታል፤ የሚረጭ መርዝም አያስፈልግም። ይህ ከረጢት በየቀበሌው የገበሬ ማኅበር ቢገኝ፣ እህሉን በመያዣነት ተቀብሎ ብድር የሚሰጥ የማኅበር መጋዘን ቢታከልበት፣ ብዙ ቤተሰብ ክረምቱን ሳይበደር ይሻገራል።

ጦርነት የሚያመጣው ረሃብ ግን በከረጢትና በመጋዘን አይፈታም። ሱዳን እንደ ገዚራ ያለ ሰፊ የመስኖ እርሻ ያላት አገር ሆና ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዳርፉር በዘምዘም የተፈናቃዮች መጠለያ ረሃብ መግባቱ ተረጋግጧል። በአገራችንም በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ በትግራይ ጦርነት ወቅት፣ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎች በረሃብ ላይ መሆናቸውን የተባበሩት መንግሥታት አስታውቆ ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በውሳኔ ቁጥር 2417 ሰላማዊ ሰዎችን ማስራብን እንደ ጦርነት ስልት መጠቀምን አውግዟል። መንገድ የሚዘጋውና እህል የሚያቃጥለው ሰው በስሙ ተጠርቶ እስካልተጠየቀ ድረስ ይህ ውሳኔ የተከበበን ሕዝብ አያድንም፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት ከማናችንም አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ የችግሩ ሁሉ ምንጭ የሕዝብ ብዛት አይደለምን? (ከአዳማ)

መልስ፦ የቤተሰብ ብዛት በጠበበ መሬት ላይ ጫና እንደሚፈጥር አይካድም። ሆኖም በታሪካችን እጅግ አስከፊው ረሃብ፣ አባቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው የአገሪቱ ሕዝብ ከዛሬው በብዙ ዕጥፍ ባነሰበት ዘመን ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ በሬዎቹን ስለጨረሰ መሬቱ ሳይታረስ ጦም አደረ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ያ በሽታ በብዙ አገሮች የክትባት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ ታውጇል። ስለዚህ የሰውን ቁጥር ከመውቀስ በፊት ገበሬው በሬውን፣ ዘሩንና ገበያውን ያጣው እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ድርቅ በተሰማ ቁጥር ገንዘብ እናዋጣለን። እርዳታ ገበሬውን ያሰንፋል፣ ገበያውንም ያበላሻል የሚሉ አሉ። እህል ተገዝቶ ቢላክ ይሻላል ወይስ ገንዘብ? (አንዲት አንባቢ)

መልስ፦ እህቴ፣ ገበያው ውስጥ እህል ካለ ገንዘብ ይሻላል፤ ገዢ ሲኖር ነጋዴው እህሉን ወደዚያ ያመጣዋል። መንገድ በተዘጋበትና ገበያ በፈረሰበት ቦታ ግን ብር አይበላምና እህሉ ራሱ መድረስ አለበት። እርዳታ ገበያ የሚያበላሸው መጠኑና ጊዜው ሲዛባ፣ በተለይም የገበሬው አዝመራ በሚሰበሰብበት ወቅት የውጭ ስንዴ ሲራገፍ ነው። ያሰንፋል የሚለውን ግን አልቀበልም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሠራው ሴፍቲ ኔት የተባለው የድሆች መደገፊያ መርሐ ግብር መሥራት ለሚችለው ድሃ እህል ወይም ገንዘብ የሚከፍለው እርከን ሲሠራ፣ መንገድ ሲጠርግና ጉድጓድ ሲቆፍር ውሎ ነው። እንዲህ ያለ ድጋፍ ያለው ሰው በሬውን ሳይሸጥ ክፉውን ወቅት ያልፋል፤ በሬውን የሸጠ ግን ዝናቡ ቢመለስም የሚያርስበት የለውም።

ከሁሉም በላይ ጊዜውን ያስቡበት። እ.ኤ.አ. በ2011 በሶማሊያ ረሃብ መግባቱ በይፋ ሲታወጅ፣ በዚያ ረሃብ ከሞቱት 260 ሺህ ያህል ሰዎች ግማሽ የሚሆኑት ቀድመው ሞተው ነበር። የመዋጮ ማኅበራችሁ የከሱ ሕፃናት ፎቶግራፍ እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም፤ የበልግ ዝናብ መቅረቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ይታወቃል፣ የከብት ዋጋ በድንገት መውደቁም ሰው ጥሪቱን ለመሸጥ መገደዱን ቀድሞ ይናገራል። በገጠር ያሉ ወላጆች ወይም ዘመዶች ካሉዎትም፣ በዓመት ከሚልኩላቸው ገንዘብ ከፊሉን ለክረምት ከማቆየት ይልቅ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ እህሉ ገና ከአውድማ ሲገባ ይላኩላቸው። በዚያ ወቅት የደረሳቸው ገንዘብ ግብሩንና ዕዳውን ስለሚከፍልላቸው እህላቸውን በርካሽ ከመሸጥ ይድናሉ፤ ያንኑ ገንዘብ በነሐሴ ቢልኩት ግን በናረ ዋጋ ከነጋዴ ጥቂት እህል ብቻ ይገዙበታል።